መኪናው ተርቦ ነው

በልጅነታችሁ አንድን ቃል ከትልልቅ ሰዎች አፍ ቀምታችሁ፣ በራሳችሁ መንገድ ተርጉማችሁ፣ ስህተት መሆኑን ሳታውቁ ወራት ኖራችሁበት ታውቃላችሁ? የሚያርማችሁ ጠፍቶ፣ እንዲያውም በዓይናችሁ የምታዩት ሁሉ ስህተታችሁን እውነት እያስመሰለው? እኔ እንዲህ ያለ አንድ ቃል አለኝ። ያስታወሰኝም ባለፈው ወር ከኢተያ ወደ አሰላ የመጣሁበት አውቶቡስ ነው።

አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ መናኸሪያ እንደገባ ሾፌሩ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው እቃውን ለማውረድ ሲጋፋ ከፊት በኩል አንድ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ዘይትና የጋለ ብረት ሽታ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ መውረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ያለች ሴት «ልጄ፣ ትወርጃለሽ ወይስ ትመለሻለሽ?» እስክትለኝ ድረስ። ሽታው አንድ የመኸር ወቅት ይዞብኝ ነበር የመጣው፦ የመጋዘን ግቢ፣ የስንዴ አቧራ፣ የአባቴ ጋቢና።

ያን ጊዜ የምንኖረው አሰላ ከተማ ዳር፣ በአንድ የገበሬዎች አገልግሎት ህብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ የማኅበሩ ሾፌር ስለሆነ ከበሩ አጠገብ ሁለት ክፍል ተሰጥቶናል። ማኅበሩ ያለው አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነው። ከዲክሲስ ስንዴ ያመጣል፤ ከናዝሬት ማዳበሪያ ጭኖ ይወጣል። በመኸር ጊዜ ያ መኪና ከቆመ ማኅበሩ ቆመ ማለት ነው። መኪናው ደግሞ አንድ ጊዜ ቆሞ ያውቃል።

ከአባቴ በፊት ሌላ ሾፌር ነበር። ጎበዝ ሰው ነው ይባላል፤ ፈጣንም ነው። ከዳገት እየጋለበ መጥቶ ግቢ ሲገባ ያጠፋዋል፤ ጠዋት ሲያስነሳም ወዲያው ነዳጁን ረግጦ ይወጣል። አንድ ቀን መኪናው ሰማያዊ ጭስ እየተፋ፣ እንደ ሕፃን እየጮኸ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስንዴው በየአውድማው ለዝናብ ተጋልጦ ቀረ። ያኔ የመንግሥትም ሆነ የሕዝብ ንብረት ሲበላሽ የሚነሳ አንድ ቃል ነበር፤ አሻጥር። ሾፌሩ ተጠርቶ ሄደና ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም፤ ስለ መኪና ሲወራም ከሰው መሃል ይነሳ ነበር። አባቴ በእሱ ቦታ ሲቀጠር እናቴ አልተደሰተችም። እንጀራ ነው፣ ግን እንደዚያ ሰው ዝም ብሎ እንዳይመለስ ፈራች።

ቃሉን የሰማሁት መኪናው በተጠገነ ቀን ነው። ከናዝሬት የመጣው መካኒክ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ለአባቴ ያስረዳል፤ እኔ ከጎማው ሥር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። «ይሄ እንደ ድሮ መኪናህ አይደለም» አለው። «ተርቦ ነው። ከመንገድ ስትመጣ ወዲያው አታጥፋው። ትንሽ ይቁም፣ ዘይቱን ይጠጣ።»

እናንተ ገብቷችኋል፤ ስለ ሞተሩ ቱርቦ ነው የሚያወራው። ሾፌሮቹም መካኒኮቹም በእኛ አካባቢ ቱርቦ አይሉም፣ ተርቦ ነው የሚሉት። እኔ ግን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት ደግሞ ተርቦ፣ ተርባ፣ ተርበው የማይባልበት ቀን አልነበረም፤ በሬዲዮም፣ በሰልፍ ሜዳም። ትምህርት ቤታችን ለተራቡ ወገኖች ብሎ ከየቤታችን አንድ አንድ ጣሳ እህል አስመጥቶናል። ስለዚህ መኪናው ተርቦ ነው ሲባል ምንም አልገረመኝም። አዘንኩለት እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ይህንኑ አረጋገጠልኝ። አባቴ ከመንገድ ሲመጣ ግቢ ገብቶ መኪናውን ያቆማል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ሞተሩን ግን አያጠፋም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ድም ድም ይላል። እኔ እያላመጠ ነው እላለሁ። ጠዋትም እንዲሁ ነው። የአሰላን ጥቅምትና ኅዳር ለሚያውቅ አልነግረውም፤ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ያድራል፣ የሞተር ዘይቱም እንደ ማር ይረጋል። አባቴ ሞተሩን ያስነሳና ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ከመሪው ኋላ ያለችው የዘይት ግፊት ቀስት ተነስታ እስክትረጋ ነዳጅ አይነካም። እኔ ቁርሱን እየበላ ነው እላለሁ።

አንድ ማታ ከእናቴ ደብቄ አንድ እፍኝ ቆሎ የመኪናው መወጣጫ ላይ አኖርኩለት። ጠዋት ስሄድ አንድ ፍሬ አልቀረም። ድንቢጦች የሚባሉ ፍጡራን በዓለም ላይ መኖራቸው ለአፍታም ትዝ አላለኝ።

እናቴ በበኩሏ ሌላ ትርጉም ነበራት። ሰውዬው ከመንገድ መጥቶ፣ ወጡ ቀርቦ፣ ከቤቱ በር ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። «እኛን ለማየት ጉልበት እያጠራቀምክ ነው?» ትለዋለች ሲገባ። አባቴ ይስቃል፤ ዘይቱን፣ ቱቦውን፣ ሙቀቱን ሊያስረዳት ይሞክራል። እሷ ደግሞ «ለሷ ያለህን ትዕግሥት ግማሹን ለእኔ ስጠኝ» ትለዋለች። መኪናዋን ሴት አድርጋት ነበር፤ ለእኔ ወንድ ነው፤ ተርቦ ነዋ።

አሁን ነገሩን በደንብ ላስረዳ፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ቱርቦ ማለት በአንድ ቀጭን ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ የተገጠሙ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ናቸው። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ይነዳዋል። እሱ ሲዞር ሌላኛውም አብሮ ይዞርና ወደ ሞተሩ ብዙ አየር ይጠቀጥቃል። መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ዘንጉ ዓይን በማያየው ፍጥነት ይዞራል፣ የታቀፈበት ብረትም ይግላል። ዘንጉ ብረት ላይ አይደለም የሚዞረው፤ በጣም ስስ በሆነ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ዘይቱ ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ ይመጣል፣ ዘንጉን ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ከታች ባለው ቱቦ ይመለሳል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ አብሮ ይቆማል። ዘንጉ ግን ገና እየዞረ ነው፤ ያለ ዘይት። ውስጡ የቀረው ጠብታም በጋለው ብረት ላይ ያርርና እንደ ተቃጠለ ስኳር ይጠቁራል። ይህ ሲደጋገም ቱቦው ይደፈናል። የቀደመውን ሾፌር ያስጠራው ይኸው ጥቁር ነገር ነው። ሰውየው አሻጥር አልሠራም፤ ቸኮለ እንጂ። ግን ይህን ማን ሰምቶት?

የአባቴ ችግር የመጣው ደግሞ ከተቃራኒው በኩል ነው። ነዳጅ በኩፖን ነበር፣ እሱም በቁጠባ። ግቢው ውስጥ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች ማኅበሩ ዘንድ ሄደው፣ ሾፌሩ በየቀኑ መኪናውን አቁሞ የሕዝብ ነዳጅ ያቃጥላል አሉ። ውሸት አልተናገሩም። ያዩትን ነው። አባቴ ነገሩን የሰማ ማታ ራቱን አልበላም። ወዲያው ቢያጠፋ ተርቦው ይቃጠላል፣ አሻጥር ነው። ባያጠፋ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ያም አሻጥር ነው። እናቴ ከዚያ ማታ ጀምሮ ስለ መኪናዋ መቀለድ አቆመች። ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ የሚያየው ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ ትቃኛለች።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቃሲም ይባላሉ፤ የዲክሲስ መንገድ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አጭር፣ ቆፍጣና፣ አማርኛን በጥንቃቄ እየመረጡ የሚናገሩ ሰው። ስብሰባ ሲኖር የሚመጡት በፈረስ ነው። ፈረሳቸውን የማያውቅ የአሰላ ልጅ የለም፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቀይ ፈረስ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከናዝሬት ማዳበሪያ ጭኖ ገባ። እንደ ልማዱ ሳያጠፋ ተቀመጠ። ወዲያው ኦቦ ቃሲም በፈረስ ደረሱ፤ ጋልበው ነው የመጡት፣ ፈረሱ ላቡ ይጨሳል። ወረዱና ልጓሙን ይዘው ግቢውን በእርምጃ ያዞሩት ጀመር። ሰላም አላሉም። ዓይናቸው መኪናው ላይ ነው። ሁለተኛ ዙር ላይ እኔ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙና ሞተሩ ለምን እንደማይጠፋ ጠየቁኝ። ለምን እኔን እንደጠየቁ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት ልጅ አይዋሽም ብለው ይሆናል።

እኔም አልዋሸሁም። «ተርቦ ነው» አልኳቸው።

«ያ ኢንተላ፣ ማል ጄቴ? ምን አልሽ?»

«ተርቦ ነው። መኪናው። እስኪጠግብ ነው አባዬ የሚጠብቀው።»

ጭነት ሊያወርዱ የመጡት ሰዎች ዞረው አዩኝ። በስተኋላቸው መጋዘኑ እስከ ጣራው በስንዴ ተሞልቷል፤ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ፣ በሊቀመንበሩ ፊት «ተርቦ ነው» የሚል ቃል ከሾፌሩ ልጅ አፍ ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ስትይዝ አየኋት። አባቴ ሞተሩን አላጠፋም፤ ግን ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። ፊቱ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ዓይነት ነበር።

«ኦቦ ቃሲም፣ ልጅ ናት» አላቸው። «ተርቦ የእቃው ስም ነው። ከሞተሩ ጋር ያለው እቃ፣ ያ በፊት የተቃጠለው፣ ስሙ ነው።»

«ስሙ ተርቦ ነው?»

«ስሙ ነው።»

«እንዲህ ያለ ስም ማን አወጣለት?» አሉ ኦቦ ቃሲም። ከሚያወርዱት ሰዎች አንዱ ፈገግ አለና መልሶ ዋጠው፤ እሳቸው አልሳቁማ። ቀጥለው ነገሩን አስቀመጡት። ከአውራጃ ስለ ነዳጁ ተጠይቀዋል፤ መልስ ይፈልጋሉ። ሾፌሩ ቆሞ የሚያቃጥለው በእቃው ስም ምክንያት ነው ብለው ቢመልሱ እሳቸውንም ያስሯቸዋል።

አባቴ ላሳይዎት አላቸው። ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ኮፈኑን ከፈተ፤ ከተርቦው ሥር ዘይቱ የሚመለስበትን ቱቦ ፈታና ጫፉን ወደ አንድ የቲማቲም ጣሳ አደረገ። ጣሳውን እንዲይዙለት ኦቦ ቃሲምን ለመናቸው። ፈረሱን ለአንዱ ሰው ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ያዙ። እኔ በሁለቱ መሃል አንገቴን አስገባሁ፤ ማንም አላባረረኝም።

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ለአፍታ ምንም የለም፤ ከዚያ ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ይንዶለዶል ጀመር፣ ጥቁርና ሞቃት። «ይኸው የሚጠጣው» አለ ከላይ። ነዳጁን ረገጠ፤ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ከፍ እያለ መጣ። ከዚያ «እንዲህ የማደርገው ዛሬ ብቻ ነው፣ ለእርስዎ ብዬ» አለና ማጥፊያውን ሳበ።

ሞተሩ ጸጥ አለ። ጣሳው ውስጥ የሚወርደው ዘይት ቀጠነ፣ ወደ ጠብታ ወረደ፣ ቆመ። ፉጨቱ ግን አልቆመም። ከብረቱ ውስጥ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ ሲዞር ይሰማል። ኦቦ ቃሲም ጣሳውን እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉ። እስኪጠፋ ድረስ ሰሙት።

ቀና ሲሉ የተመለከቱት አባቴን አልነበረም። ፈረሳቸውን ነው፤ ሰውየው አሁንም በእርምጃ ያዞረዋል፣ ላቡ እየደረቀ ነው። «እኔ ጋልቤ መጥቼ ወዲያው ግንድ ላይ ባስረው ጠዋት እግሩን አያነሳም» አሉ። «ይሄም እንደዚያ ነው?»

«ይሄም እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ አንተ ፈረስ አታውቅም።» አባቴ ግራ ገባው። እሳቸው ጣሳውን አስቀምጠው እጃቸውን በሣር እየጠረጉ አስረዱት። ፈረስ የሚበርደው ግቢ ከገባ በኋላ ብቻ አይደለም። እሳቸው ሊደርሱ ሲሉ፣ ከወንዙ ጀምሮ ልጓም ይይዛሉ፣ በሶምሶማ፣ ከዚያ በእርምጃ ያመጡታል። ግማሹ የሚበርደው መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ የጋለቡት ተናደው ስለመጡ ነው። አባቴ ደግሞ እስከ በሩ እየጋለበ መጥቶ በሩ ላይ ነው የሚያበርደው። ለምን ከከተማው መግቢያ ጀምሮ በቀስታ አያመጣውም? ያን ነዳጅ ማንም ቆሞ ተቃጠለ አይለውም፤ እየሄደ ነውና።

አባቴ በመዳፉ ግንባሩን መታ። መካኒኩ ይህን አልነገረውም፤ እሱም አላሰበውም። ሁለቱ እዚያው ቆመው መንገዱን በጣታቸው አየር ላይ እየሳሉ ተነጋገሩ፦ የትኛው ዳገት የመጨረሻው ነው፣ ከየት ጀምሮ ሜዳ ነው፣ ጠዋት በውርጭ ጊዜ እስከ የት ድረስ በቀስታ ይውጣ። የተጣሉ ሰዎች አይመስሉም ነበር፤ ስለ አንድ ከብት የሚማከሩ ጎረቤቶች እንጂ።

በመጨረሻ እንደዚያም ሆኖ ግቢ ገብቶ ትንሽ መቆም አለበት ተባለ። ኦቦ ቃሲም «ትንሽ» ብለው ለአውራጃ መመለስ አልቻሉም፤ ልክ ይፈልጋሉ። የአባቴ ሰዓት ቆሞ ከርሟል። እሳቸው ዞረው እኔን አዩኝ።

«አንቺ፣ ማባዛት ተምረሻል?»

«እስከ ስድስት ጎበዝ ነኝ።»

አሁን ሳቁ፤ መላው ግቢ ከእሳቸው ጋር ሳቀ፣ እናቴም በሩ ላይ። ልኩ ተወሰነ። መኪናው ሲገባ እኔ ጋቢና እወጣለሁ፣ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ያለውን ማባዛት እላለሁ። ስጨርስ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቀድሞም አይጠፋ፣ ዘግይቶም አይጠፋ። ብሳሳት ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ በስህተቴ ልክ የሕዝብ ነዳጅ ይቃጠላል።

ይህችን የመጨረሻዋን የጨመሩት ለቀልድ ይመስለኛል። ለእኔ ቀልድ አልነበረችም። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስደርስ ጣቶቼን እቆጥራለሁ። አባቴ መልሱን አይነግረኝም፤ ነዳጁን የሚያመላክተውን ቀስት ብቻ ያያል። በሳምንቱ መጨረሻ ሃምሳ ስድስት አፌ ላይ እንደ ስሜ ሆነ። መምህራችን ምን እንደበላሁ ጠየቁኝ።

ኦቦ ቃሲም ለአውራጃው ምን ብለው እንደመለሱ አላውቅም። የማውቀው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስተው ለገበሬዎቹ በኦሮምኛ ማስረዳታቸውን ነው፤ ጣሳውንም፣ ፉጨቱንም፣ ፈረሱንም። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናው ሲገባ የሚያወርዱት ሰዎች እየሮጡ ከኋላ አይወጡበትም። ከጎን ቆመው «ቤላኤ?» ይሉኛል፤ ተራበ ወይ ማለታቸው ነው። እኔም ከመስኮቱ «ቤላኤ» እላለሁ። ጓደኛቸው ነኝ። ያኔ የከሰሱት እነሱ መሆናቸውን ማንም አላነሳባቸውም።

አባቴን ማንም አልጠራውም። መኸሩ ተጠናቆ ስንዴው ሁሉ ገባ፤ ተርቦው አልጮኸም፣ አላጨሰም። እናቴም ወደ ቀልዷ ተመለሰች፤ ሁለታችንን ከጋቢና እንድንወርድ ስትጠብቅ «እናንተ ከተማራችሁ እኔ ልብላው» ትለናለች።

ከዚያ ወቅት ለኦቦ ቃሲም የማመሰግነው ብዙ ነገር አለ፤ አባቴን ስለሰሙት፣ በልጅ ቃል ስላልተቀየሙ። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ለዚያች ጋቢና ነው። አባቴ ያኔ ብዙ ሰው የሚፈልገው ሰው ነበር። ከመኪናው እንደወረደ ማኅበሩ ይወስደዋል፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከሁለት እስከ ዘጠኝ ባለው ማባዛት ውስጥ ግን የእኔ ብቻ ነበር። እጁ መሪው ላይ፣ ጆሮው ግማሹ ሞተሩ ጋር፣ ግማሹ እኔ ጋር። «ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ ሰማንያ አንድ» ስል ማጥፊያውን ይስባል። ሁለታችንም እናዳምጣለን። በደንብ ከበረደ በኋላ ፉጨቱ አይሰማም፤ ዘንጉ ዘይቱን ጠጥቶ አብሮ ይተኛል።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ቱርቦ ያለው መኪና የምትነዱ ከሆነ ጠዋት ስታስነሱ የዘይቷ ቀስት ሳትረጋ አትቸኩሉ፤ ስትመለሱም ቤታችሁ ሊደርስ ሲል ቀስ ብላችሁ ምጡ። በር ላይ ስትደርሱ አታጥፉት። ልጃችሁን ጥሩና አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ማባዛት ይሁን፣ ፊደል ይሁን፣ የሚያውቀውን ይበልላችሁ። ቢሳሳት መልሱን አትንገሩት። ሲጨርስ አጥፉና አብራችሁ አዳምጡ።